እርሾ የጾም ነው የፍስክ?

ጥፋቱ የኔ ነው። ይሄን ቀድሜ ልናገርና ይውጣልኝ። ወሬውን ከኔ በፊት ከሌላ ሰው ሰምታችሁት ከሆነ፣ «አንድ ሳይንስ ያሳበደው መምህር በሁዳዴ የቀየትን ሰው እንጀራ ሊያስተወው ነበር» ተብሎ እንደተነገራችሁ አውቃለሁ። አላበድኩም። የባዮሎጂ መምህር ነኝ። ልዩነቱ ትንሽ ቢሆንም ልዩነት አለው።

ቀየት ወደምትባለው ወደዚች ትንሽ ከተማ ከመጣሁ አስራ አንድ ዓመት ሆነኝ። አብረውኝ ከተመደቡት መምህራን አንዱ አገባ፣ አንዱ ተዛወረ፣ ሌላው አርብ አርብ በሚኒባስ ደብረ ብርሃን ሲመላለስ ከርሞ አንድ ሰኞ ሳይመለስ ቀረ። እኔ ከሰሌዳው ጋር ቀረሁ። ሚስት የለኝም። ለምን ብትሉኝ ነገሩ ረጅም ነው፤ ባጭሩ፣ ሴት ልጅ ፊት ስቀመጥ ስለ እንቁራሪት ደም ዝውውር ማውራት እጀምራለሁ። ሆን ብዬ አይደለም። ዝምታ ሲመጣ አፌ ላይ ቀድሞ የሚደርስልኝ እሱ ነው።

ክፍል ውስጥም ቢሆን የሚሰማኝ ሰው መኖሩን እርግጠኛ አይደለሁም። የመንዝን ብርድ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ተማሪው በሙሉ ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ ዓይኑ ብቻ ነው የሚታየኝ። ይሰማኝ፣ ይተኛ፣ ይሳቅብኝ በምን አውቃለሁ? ስለዚህ የተማርኩት ሁሉ ሆዴ ውስጥ ተከማችቶ ተቀምጧል። የሚያወጣው ሰው ሲያጣ ነው ጉዱ የፈላው።

አከራዬ እማማ በለጡ ይባላሉ። ሰባዎቹን ያጋመሱ፣ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ሦስት ልጆቻቸው አዲስ አበባ ገብተው ለበዓል ለበዓል በስልክ «እንዴት ነሽ እማዬ» የሚሏቸው ሴት ናቸው። የእሳቸው ቤትና የኔ ክፍል በአንድ ግድግዳ ነው የተያያዘው። «ለአንድ ሰው ብሎ ወጥ ሲሠራ ደስ አይልም» ብለው በመጣሁ በሦስተኛው ዓመት ለሁዳዴ አብረን እንድንበላ ጠሩኝ፤ ከዚያ ወዲህ ሽሮና ዘይቱን እኔ አመጣለሁ፣ እሳቸው ይሠራሉ። የማስተምረው በጠዋት ፈረቃ ስለሆነ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እሳቸው ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ እኔም እደርሳለሁ። እንበላለን። «እግዜር ይስጥልኝ» እላለሁ። ክፍሌ ገብቼ በሬን እዘጋና ብቸኝነቴን በሥርዓቱ እቀጥላለሁ።

ዘንድሮ በሁዳዴ ሁለተኛ ሳምንት፣ በቅድስት መሆኑ ነው፣ ለዘጠነኛ ክፍል የሕይወታውያንን አመዳደብ አስተምሬ ወጣሁ። እንስሳ ወዲህ፣ እጽዋት ወዲያ፣ ፈንገስ ለብቻው እያልኩ ሰሌዳውን ሞላሁት። ጠያቂ አልነበረም። አንድ ልጅ እጁን ሲያወጣ ደስ አለኝና «እሺ!» አልኩት፤ ውጭ መውጣት ፈልጎ ነው።

እንዲህ ሆኜ ነው እንግዲህ እማማ በለጡ ገበታ ላይ የቀረብኩት። ያቀረቡት የገብስ እንጀራ ነበር፤ ዓይኑ የሚያምር፣ ገና ትኩስ። አፌ መቼ ያርፋል!

«እማማ፣ እነዚህን የእንጀራ ዓይኖች ማን እንደሚሠራቸው ያውቃሉ?» አልኳቸው።

እግዚአብሔር ነው አሉኝ። እሱስ ልክ ነው፣ ግን በማን እጅ አልኳቸውና ስለ እርሾ ማስረዳት ጀመርኩ። እርሾ ሕይወት እንዳለው፣ በአንድ ጠብታ ውስጥ ለቁጥር የሚያስቸግሩ ትናንሽ ፍጡራን እንዳሉበት፣ ሊጡን እየበሉ እንደሚተነፍሱና ዓይኑ የትንፋሻቸው መውጫ እንደሆነ ነገርኳቸው። እማማ በለጡ ጉርሻቸውን ይዘው አዳመጡኝ። ልብ በሉ፤ አዳመጡኝ! አስራ አንድ ዓመት ሙሉ እንዲህ ዓይን ዓይኔን እያየ የሰማኝ ሰው አልነበረም። እዚያው ላይ ባቆም ምን ነበረበት? ግን የሚሰማኝ ሰው ሳገኝ እንዴት እንደሚደረግ የት ለምጄው!

ቀጠልኩ። ድሮ ሊቃውንቱ ፈንገስን ከእጽዋት ጋር ይመድቡት እንደነበር፣ በኋላ ግን ሲመረመር በዘር ከእጽዋት ይልቅ ለእንስሳ የሚቀርብ ሆኖ እንደተገኘ ነገርኳቸው። እርሾም ፈንገስ ነው አልኩ።

«ከባቄላ ይልቅ ለበግ ይቀርባል ነው የምትለኝ?» አሉ።

«ለበግም፣ ለእኔም፣ ለእርስዎም!» አልኩ በደስታ።

እማማ በለጡ ጉርሻውን መልሰው አስቀመጡት። እጃቸውን ታጠቡ። እንጀራውን ሸፈኑትና ረጋ ብለው፣ «ታዲያ ይሄን ሁሉ ሁዳዴ እንጀራ ስበላ እያየህ ዝም ብለኸኝ ኖርክ?» አሉኝ።

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። እንደዚያ ማለቴ አይደለም አልኳቸው። ዝምድናው በጣም የራቀ ነው አልኳቸው። «በስንት ቤት?» አሉኝ። በእኛ አገር ሁለት ሰው ሊጋባ ሲል ሽማግሌ ተቀምጦ እስከ ሰባት ቤት ዘር ይቆጥራል፤ ሰባት ቤት ካልሞላ ዘመድ ነው፣ አይጋቡም። በዚህ ቆጠራ ደግሞ እማማ በለጡን የሚያህል የለም፤ ሁለት ወረዳ ተሻግረው ይጠይቋቸዋል። ስለዚህ እንጨት አነሳሁና ምድጃው አመድ ላይ የሕይወትን የዘር ሐረግ ሣልኩላቸው። እጽዋት የተለዩበትን ቅርንጫፍ፣ ከዚያ በላይ ፈንገስና እንስሳ የተለያዩበትን ቦታ። እሳቸው በጣታቸው ተከትለው መጋጠሚያው ላይ ሲደርሱ፣ ይሄኛው አያት ማን ይባላል አሉ። ስም የለውም አልኩ። ስሙ ሳይታወቅ እንዴት ቆጠርከው አሉ። ይሄ ጥያቄ ቀላል አይደለም፤ ስመልስ፣ እሳቸው ሲያፈርሱት፣ እኔ ስጠግን፣ አስራ አንድ ሰዓት ሆነ።

በማግስቱ የቀረበልኝ ቂጣና ቆሎ ነው።

እርሾውን ምን አደረጉት ብላቸው ደፍተውት ቡሃቃውን እንዳጠቡ ነገሩኝ። ያ እርሾ ከእናታቸው ቤት የመጣ ነው። ሲዳሩ ከዘመሮ በኩል በቅል ይዘውት እንደመጡ፣ እናታቸውም ከእናታቸው እንደወረሱት ስንት ጊዜ አውርተውኛል። ክፍል ውስጥ ስለ ዝርያ መጥፋት ሳስተምር አጥፊው ሁልጊዜ ሌላ ሰው ነበር። እንግዲህ የእናት የአያት ዘር ሲወርድ ሲዋረድ ኖሮ በኔ ምላስ በአንድ ከሰዓት ጠፋ ብዬ ቂጣዬን ማየት አቃተኝ።

ከዚያ በኋላ ሥራዬ እሳቸውን ማሳመን ሆነ። በየቀኑ አዲስ ነጥብ አዘጋጅቼ እመጣለሁ። ባቄላም እኮ ሕይወት አለው አልኳቸው፤ ባቄላ ሩቅ ነው አላልክም እንዴ አሉኝ። እርሾ ደም የለውም አልኳቸው፤ እንቁላልም ደም የለውም፣ ግን በጾም አይበላም አሉኝ። ዝግመተ ለውጥን አነሳሁ፤ ገደሉ ላይ ያሉት ጭላዳዎች እንኳ ከእርሾ ይልቅ ስንት እጅ ለእኛ እንደሚቀርቡ አስረዳሁ። እሱን ሲሰሙ ይቆጣሉ ብዬ ነበር፤ እማማ በለጡ ግን አሰብ አደረጉና፣ ጭላዳ ዓመቱን ሙሉ ሣር እየነጨ ነው የሚኖር፣ ፋሲካ እንኳ አይገድፍም፣ እንዲህ ያለ ዘመድ አያሳፍርም አሉኝ። እኔ እረታበታለሁ ብዬ የማነሳውን ነገር ሁሉ እሳቸው ወደ ጾሙ ይወስዱታል። እየተከራከርን ይመሻል።

ነገሩ በቤት አልቀረም። ጎረቤታችን እትዬ ዘነቡ መንገድ ላይ ስታገኘኝ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሰላም ትለኛለች፤ ተቀየመችኝ ብዬ ደነገጥኩ። የጽዋ ማኅበር ላይ ደግሞ አንድ ሽማግሌ ዋንጫቸውን እንደያዙ «መምህር፣ ጠላውስ?» ብለው ጠየቁኝ። ውሸት አልችልም። ጠላም በእርሾ ነው የሚፈላው፣ ያው ነው አልኩ። ሽማግሌው ዋንጫቸውን አዩት፣ እኔን አዩኝ፣ «እንግዲህ ከዘመድ ጋር ነዋ የኖርነው» ብለው ግጥም አድርገው ጠጡ። ሁሉም ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ሳቄን ስጨርስ ግን ከግራና ቀኜ የተቀመጡት ወደ ሌላ ወሬ ዞረው ነበር።

ሰውነቴም አለቀ። አራተኛው ሳምንት ላይ ቆሎ ስቆረጥም አንድ መንጋጋ ጥርሴ ተሰበረ። ቀበቶዬን በምስማር አዲስ ቀዳዳ በሳሁለት። ጨጓራዬ ሌሊቱን ሲነድ ያድራል። የሚገርመው እማማ በለጡ ናቸው፤ ከኔ እኩል ቂጣ እየቆረሱ፣ እንዲያውም ከኔ ያነሰ እየበሉ፣ ጉንጫቸው ያበራል። ሳይንቲስት ነኝና ዝም ብዬ አላለፍኩትም፤ ደብተሬ ላይ «የገብስ ቂጣ ለአረጋውያን እጅግ ተስማሚ ነው፤ ይጠና» ብዬ ጻፍኩ።

ግን አንድ ቀን ከመቀመጫቸው ሲነሱ ጎናቸውን ያዝ አድርገው ቆሙ። ምንም አይደለም አሉኝ። እኔ ክፍሌ ገብቼ መቀመጥ አቃተኝ። ሰባ አምስት ዓመት የሞላቸው ሴት፣ ሃምሳ አምስት ቀን ጾም፣ ደረቅ ቂጣ። ቢወድቁብኝስ? ሰዉ ምን ይለኛል የሚለው አልነበረም ያስጨነቀኝ፤ እውነቱን ልናገር። በዚህ አገር ከሥራ ስመጣ «ዋልክ?» የሚለኝ ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው። ታምሜ ሦስት ቀን ብተኛ በሬን የሚያንኳኳ ሌላ ሰው የለም። ይሄን እስከዚያ ቀን ድረስ ቆጥሬው አላውቅም ነበር።

በማግስቱ ወደ ነፍስ አባታቸው ወደ መምሬ ተክሌ ሄድኩ። ከቅዳሴ ወጥተው ግቢው ጽድ ዛፍ ሥር ተቀምጠዋል። መስቀል ተሳልሜ ጉዳዩን ከስር ጀምሬ ነገርኳቸው። መምሬ ተክሌ ጸጉሬን፣ ቀበቶዬን፣ ጫማዬን በተራ አይተው፣ «በነገርካት በመጀመሪያው እሑድ መጥታ ጠይቃኛለች። መልሼላታለሁ» አሉኝ።

«ምን ብለው መለሱላቸው?»

«እሷን ጠይቃት።»

እንደከለከሏቸው ገባኝ። በቃ፣ ችግሩ እዚህ ነው ብዬ ለመምሬ ተክሌ ስለ ፈንገስ አንድ ሰዓት ሙሉ አስተማርኳቸው። አላቋረጡኝም። ጭራቸውን ወዲያ ወዲህ እያወዛወዙ እስከ መጨረሻው ሰሙኝና፣ ቤትህ ውስጥ ከማን ጋር ነው የምታወራው አሉኝ። ከማንም አልኩ። «ያስታውቃል» አሉኝና ባርከው ሸኙኝ።

እማማ በለጡን ጠየቅኋቸው። የነፍስ አባታቸው የነገሯቸው የራሳቸው እንደሆነና እኔ ቂጣዬን እንድበላ መለሱልኝ።

የቀረኝ ማይክሮስኮፕ ብቻ ነበር። እርሾ ሥጋ የለው፣ ደም የለው፣ ዓይን የለው፣ አንድ ፍሬ ሕዋስ መሆኑን በገዛ ዓይናቸው ቢያዩ ይተዉታል ብዬ በስድስተኛው ሳምንት፣ በገብር ኄር፣ ከትምህርት ቤት አስፈቅጄ በጋቢ ጠቅልዬ አመጣሁት። በመስታወት የፀሐይ ብርሃን እየያዘ የሚሠራ የድሮ ዓይነት ነው። እርሾ ከእትዬ ዘነቡ ለመንኩ፤ በስኒ ሰጠችኝና አሁንም አፏን ሸፈነች። ፀሐይ ግን ከየት ትምጣ? ጉም ወርዶ ደጃፉ አይታይም። ደፉ ላይ በርጩማ አውጥተን ጠበቅን። የመጀመሪያው ቀን ፀሐይ አልወጣችም። ሁለተኛውም። ሦስተኛውም።

ሰው ጉም እያየ ዝም ብሎ አይቀመጥም። እማማ በለጡ ስለ ልጆቻቸው አወሩኝ፤ ትንሹ ሲወለድ በረዶ ጥሎ ገብሱን እንዳወደመው፣ ትልቋ ስትሄድ እስከ መሐል ሜዳ ከተማ ሸኝተዋት ሚኒባሱ ከተንቀሳቀሰ በኋላ ያዘጋጁላትን በሶ እጃቸው ላይ እንዳገኙት። እኔም ሳላስበው ስለ እናቴ አወራሁ። እናቴ የሞተችው እዚህ በመጣሁ በሁለተኛው ዓመት ነው፤ ቀብሯ ላይ አልደረስኩም። ለማንም ተናግሬው አላውቅም። እማማ በለጡ ጋቢያቸውን ግማሹን አወጡና ጉልበቴ ላይ ጣል አደረጉልኝ።

በአራተኛው ቀን ፀሐይ ወጣች። ጠብታዋን አዘጋጅቼ፣ መስታወቱን አስተካክዬ፣ እማማ በለጡ ዓይናቸውን እንዲያስጠጉ አደረግኩ። ብዙ ቆዩ።

«ይቺኛዋ ልጇን አዝላለች» አሉ።

አዝላ እንዳልሆነ፣ እርሾ የሚራባው እንዲያ እያጎነቆለ መሆኑን፣ ትንሿ ስታድግ ተገንጥላ እንደምትሄድ ነገርኳቸው።

«ከተለየች በኋላ ይጠያየቃሉ?»

«አይ እማማ። አይተዋወቁም። እያንዳንዷ ለብቻዋ ነው የምትኖረው።»

ዓይናቸውን ከሌንሱ አላነሱም። «ምን ልዩነት አለን ታዲያ» አሉ።

እኔ እርሾ ከሰው እንደሚለይ ላሳይ ያመጣሁት ዕቃ ነው። ጋቢው ውስጥ መልሼ ጠቀለልኩት። በማግስቱም የሚያሳምን ነጥብ አላዘጋጀሁም፤ መጥቼ ቂጣዬን በልቼ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። ተሸነፍኩ ብዬ ለፋሲካ የቀሩትን ቀናት መቁጠር ጀመርኩ።

ሆሳዕና ደረሰ። ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ እማማ በለጡ የዘንባባ ቀለበታቸውን እንዳደረጉ ጠሩኝ። ስገባ ገበታው ቀርቧል፤ ሽሮው ይንተከተካል፣ ከሥሩ የገብስ እንጀራ፣ ዓይኑ የበዛ። ቆሜ ቀረሁ።

ተቀመጥ አሉኝ። ተቀመጥኩ። ወደ ምድጃው እያዩ ተናገሩ። የመጀመሪያው እሑድ መምሬ ተክሌ፣ የምንቆርበው ኅብስት ራሱ በእርሾ የተነሳ ነው፣ ምን ነካሽ፣ እንጀራሽን ብዪ ብለዋቸው ነበር። እርሾውም አልተደፋም፤ እትዬ ዘነቡ ዘንድ ነው የቆየው። በማይክሮስኮፕ ያሳየኋቸውም የራሳቸውን ነው። እኔ ስሄድ እትዬ ዘነቡ ቤት ገብተው እንጀራቸውን ሲበሉ ነው የከረሙት። አሁንም የነገሩኝ ወደው አይደለም፤ ንስሐ ገብተው ሆሳዕና ሳያልፍ እንዲነግሩኝ ቀኖና ስለተሰጣቸው ነው። «ስግደት ይሻለኝ ነበር» አሉ።

ልቆጣ ፈለግኩ። መንጋጋዬን በምላሴ ዳሰስኩ፣ ቀበቶዬን አሰብኩ፣ ደብተሬ ላይ የጻፍኩት ጥናት ትዝ አለኝ። ቁጣው አልመጣ አለኝ።

«ለምን እማማ?»

«ስምንት ሁዳዴ አብረን በላን» አሉ። «ስምንት ሁዳዴ በልተህ፣ እግዜር ይስጥልኝ ብለህ በርህን ትዘጋለህ። እኔ ደግሞ ግድግዳውን እያየሁ እቀመጣለሁ። የእርሾውን የነገርከኝ ዕለት እስከ አስራ አንድ ሰዓት ተቀመጥክ። በማግስቱ ገብቶኛል ብልህ ተመልሰህ ትሄድብኛለህ ብዬ ፈራሁ።»

ግድግዳውን አየሁት። ከዚያኛው ወገን ስምንት ዓመት ጀርባዬን ሰጥቼው ተቀምጫለሁ። በዚህ አገር ብቻውን ያለ ሰው እኔ ነኝ ብዬ ስቆጥር፣ ስቆጥር፣ አንድ ክንድ የማይሞላ ጭቃ ማዶ ያለውን ሰው ሳልቆጥር ኖሬያለሁ። መምህር ነኝ እንግዲህ! ፍጥረትን ሁሉ በየወገኑ ስመድብ የምውል!

«ይቅር ይበሉኝ» አልኳቸው።

«አንተ ይቅር በለኝ። ጥርስህን አሰበርኩህ» አሉና ከእንጀራው ለስላሳውን ቆርሰው ወደኔ ገፋ አደረጉልኝ። «በል ብላ። እየበላህ አውራኝ።»

«ምን ላውራዎት?»

«የፈለግከውን። ብቻ ቶሎ የማያልቅ ይሁን።»

አሰብኩ። ጎረስኩ። ከዚያ ገና በምድር ላይ አንድም ሕይወት ያለው ነገር ሳይኖር፣ ባሕሩና ድንጋዩ ብቻቸውን ከነበሩበት ዘመን ጀመርኩላቸው።